በአሳብ ለተለየ ዘመድ ስለሚሰጥ የበዓል አምኃ

ዓመት በዓል በቀረበ ጊዜ የከተማ ሰው ልብ በሁለት ነገር ይጨነቃል። አንደኛው የኪስ ነገር ነው፤ ስለዚህ ብዙ መናገር አያስፈልግም፥ የበግ ዋጋ ራሱ ይናገራልና። ሁለተኛው ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የበረታ ነው፤ ይኸውም በፖለቲካ ነገር አሳቡ ለተለየ ወንድም፥ ለተለየ አማች፥ ለተለየ የክርስትና አባት ምን ይዞ መሄድ ይገባል የሚል ጥያቄ ነው። ቀድሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይነሣ የነበረ በነገሥታትና በመኳንንት ቤት ነበረ፤ ዛሬ ግን በሁለት ክፍል ቤት የሚኖር መምህርም፥ በሱቅ የሚውል ነጋዴም፥ ከባሕር ማዶ ገንዘብ የሚልክ ስደተኛም ይጠይቀዋል።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መካሪዎች ተነሥተዋል። አንደኞቹ፥ «ምንም አትስጥ፤ እጅህን ሰብስብ፤ ከዚያ ወገን ጋራ ለቆመ ሰው ዳቦ ይዞ መሄድ የዚያን ወገን ሥራ ማጽደቅ ነው» ይላሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ፥ «ስጥ፤ ነገር ግን የምትሰጠው ነገር ዐይኑን የሚከፍትለት ይሁን» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ምክር ጭካኔው የተገለጠ ስለ ሆነ ሰው ይጠነቀቀዋል። የሁለተኞቹ ምክር ግን የቸርነት ልብስ ስለ ለበሰ ብዙ ደጋግ ሰዎችን አስቶአል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የእነርሱ ነገር ነው።

በግእዝ ስጦታ አምኃ ይባላል። ይህም ቃል ከሰላምታ ጋራ አንድ ዘር ነው፤ ተአምኀ ማለት ተሳለመ፥ ሰላምታ ሰጠ ማለት ነውና። የጥንት ሰዎች ሰላምታንና ስጦታን በአንድ ስም መጥራታቸው ቃል ስላጠራቸው አልነበረም። ሰው በመንገድ ሲገናኝ «እንደምን ዋልህ» ይላል፤ በዓል ሲመጣ ያንኑ ሰላምታ በእጁ ይዞ እስከ ቤት ድረስ ይሄዳል። እንግዲህ በመንገድ ላይ «እንደምን ዋልህ» ብሎ ጀምሮ፥ «ስለ ሕገ መንግሥቱ ግን የተናገርኸው ሁሉ ስሕተት ነው» ብሎ የሚጨርስ ሰው ቢገኝ አላፊ አግዳሚው ይሥቅበታል። ያንኑ ነገር በወረቀት ጠቅልሎ፥ በክር አስሮ፥ በበዓል ቀን ሲያመጣው ግን አስተዋይ ሰው ይባላል።

አማርኛም በዚህ ነገር ባለጸጋ ነው። ለበላይ የሚቀርበው እጅ መንሻ ይባላል፤ ለዳኛ በስውር የሚገባው መማለጃ ይባላል፤ በፋሲካ ልጅ ለወላጁ፥ አማች ለአማቱ፥ የክርስትና ልጅ ለክርስትና አባቱ ይዞት የሚሄደው ዳቦና ጠላ፥ ሙክትም፥ አክፋይ ይባላል፤ በቡሄ ለሚጨፍሩ ልጆች የሚታደለው ሙልሙል ነው። ስለ እጅ መንሻና ስለ መማለጃ እዚህ የሚባል የለም። በአሳብ ወደ ተለየው ሹም ቤት በዋዜማ ሙክት የሚጎትት ሰው ሥራው የታወቀ ነው፤ የፈራውን ነገር በዋጋ ገዛ ይባላል እንጂ ስጦታ ሰጠ አይባልም። የተያዘው ነገር የአክፋይና የሙልሙል ነገር ነው። ሙልሙል የጋገረች ሴት በደብረ ታቦር ዋዜማ በደጅዋ የሚጨፍሩት ልጆች አባቶቻቸው ከየትኛው ወገን እንደ ሆኑ አትጠይቅም። ልጆቹም ሆያ ሆዬ እያሉ የቤቱን ጌታ ሲያመሰግኑ የቤቱ ጌታ በምርጫ ቀን ድምፁን ለማን እንደ ሰጠ አይመረምሩም። ከዚህ የበለጠ የተማሩ ሰዎች ግን ይመረምራሉ።

የሁለተኞቹ መካሪዎች ምክር የሚያደርሰውን በአንድ ቤት ማየት ይበቃል። የቤቱ ስም አያስፈልግም፥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነውና። አንዲት ባልቴት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩአት። ሁለቱም ቤት ይዘው ወጥተዋል፤ ሁለቱም እናታቸውን ይወድዳሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን በፖለቲካ ምክንያት ከተኳረፉ ሦስት ዓመት ሆኖአቸዋል። በ1988 ዓ.ም. ኮከብ ያለበት ሰማያዊ ክብ በሰንደቅ ዓላማው መካከል ከገባ ወዲህ ባለ ኮከቡና ኮከብ የሌለው ሰንደቅ የሁለት ዓይነት አሳብ ምልክት እንደ ሆኑ የታወቀ ነው። ታላቁ ልጅ ለፋሲካ ጥበቡ አረንጓዴ፥ ቢጫ፥ ቀይ የሆነ፥ ሌላ ምልክት የሌለበት ነጠላ አሸምኖ አመጣላት። ታናሹም በማግሥቱ በዚያው ቀለም መካከል ኮከቡ የተጠለፈበትን ነጠላ አመጣላት። ሁለቱም የተናገሩአት ቃል አንድ ነበረ፤ «እማዬ፥ ለትንሣኤ ሌሊት ይህን ልበሺ» አሉአት።

ባልቴቲቱ ሁለቱንም መረቀች፤ ሁለቱንም ነጠላ አጣጥፋ በሣጥን አኖረች፤ በትንሣኤ ሌሊትም አሮጌ ነጠላዋን ለብሳ ሄደች። ታላቁ ልጅ ስጦታው እንዳልተለበሰ በሰማ ጊዜ፥ «የእርሱን ለብሳለች» ብሎ በታናሹ ላይ ተቈጣ። ታናሹም እንዲሁ በታላቁ ላይ ተቈጣ። በዚያ ፋሲካ ሁለቱ በአንድ ገበታ ይቀርባሉ ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበረ፤ ዶሮው ተሠርቶ፥ ድፎው ተቈርሶ፥ ሁለቱም በየቤታቸው ዋሉ። እንግዲህ ይህች ሴት ከሁለት ልጆችዋ ሁለት ነጠላ አገኘች ይባላልን? ያገኘችው ሁለት ሰንደቅና የአንድ እንጨት ሥራ ነው፤ ሁለቱም ልጆች ሰንደቃቸውን ሊሰቅሉባት ፈልገዋልና።

ከዚህም የሚያስቅ አለ። አንዱ ለአባቱ ቴሌቪዥን ከነሳሕኑ ገዝቶ አስተከለለት፤ ከጣቢያዎቹም መካከል ራሱ የሚወድዳቸውን ብቻ አስተካክሎ ሄደ። ሽማግሌው ዓመቱን ሙሉ ልጃቸው በሌለበት የልጃቸውን ጩኸት ሲሰሙ ኖሩ። ሌላው ለባልንጀራው መጽሐፍ ሰጠ፤ ባልንጀራውም ሲገልጠው አስፈላጊው ስፍራ ሁሉ በቀይ እርሳስ ተሠምሮ አገኘው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚቀበል ሰው ስጦታ ተቀበለ ከማለት የቤት ሥራ ተሰጠው ማለት ይቀላል።

የእነዚህ ሰዎች ጠበቆች እንዲህ ብለው ይመልሳሉ። «ሰው የያዘውን እውነት ለሚወድደው ወንድሙ ቢሰጥ ምን ክፋት አለው? የተሳሳተውን በስሕተቱ ትቶ ማር ማብላት ፍቅር ነውን?» ይህ መልስ ጠንካራ ስለ ሆነ በቀልድ ሊታለፍ አይገባውም። እውነትን መናገር የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ወንድሙ ወደ ጥፋት ሲሄድ አይቶ ዝም የሚል ሰውም አይመሰገንም። ነገር ግን ክርክር ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፥ ያም በተራው ይመልሳል። ስጦታ የተቀበለ ሰው ግን አፉ የተያዘ ነው፤ ከምስጋና በቀር ሌላ መልስ ቢመልስ ባለጌ ይባላል። ስለዚህ በስጦታ የሚከራከር ሰው ባላጋራውን እጁን አስሮ እንደሚመታ ሰው ነው። በክርክሩ የሚተማመን ሰው በአዘቦት ቀን፥ በባዶ እጁ፥ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ተናግሮም መልሱን ይሰማል። በዓሉን የሚጠብቅ ግን መልሱን የፈራ ነው።

የቅኔ ተማሪም ወርቁን በሰም ሸፍኖ ያቀርባል ብሎ የሚመልስ አይጠፋም። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጉባኤ የተቀመጠው መምህርና ጓደኞቹ ጆሮአቸውን አቅንተው የሚሰሙት ሰሙን ከወርቁ ሊለዩ ነው፤ ተቀኚው ቢስትም ያርሙታል፥ እርሱም መታረሙን ይጠብቃል። በበዓል ቀን ቤቱን ያጎዘጎዘና ቡና ያፈላ ሰው ግን ዘመድ ሊቀበል ተቀምጦአል። ነጠላውን ሰም፥ የወገኑን ምልክት ወርቅ አድርጎ የመጣ ሰው ቅኔውን ያቀረበው ጉባኤ በሌለበት ነው።

ስለ ስጦታና ስለ ጠብ ከተጻፈው ሁሉ የያዕቆብንና የዔሳውን ነገር የሚያህል የለም። ያ ጠብ እንደ ዛሬው የጋዜጣ ጠብ አልነበረም፤ የብኩርናና የበረከት ነገር ነበረበት፥ አንዱም ሌላውን ሊገድል ዝቶ ነበረ። ያዕቆብ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለስ ወንድሙ 400 ሰዎች ይዞ እንደሚመጣ ሰምቶ አስቀድሞ መንጋ ሰደደ። 200 እንስት ፍየሎችና 20 አውራዎች፥ 200 በጎችና 20 አውራ በጎች፥ 30 የሚያጠቡ ግመሎች ከግልገሎቻቸው ጋራ፥ 40 ላሞችና 10 ኮርማዎች፥ አህያውም 30 ነበረ። ይህን ቍጥር ብዙ ሰው ያነብባል፤ በውስጡ የሌለውን ግን የሚያስተውል ጥቂት ነው። በዚያ ሁሉ መንጋ መካከል ስለ ብኩርና አንዲት ቃል አልተላከችም። ያዕቆብ «ብኩርናውን ግን በፈቃድህ ሸጠህልኛል» ብሎ በመጨረሻው ግመል አንገት ላይ ደብዳቤ አላንጠለጠለም። ዔሳው የበረሓና የአደን ሰው ነበረ፤ ያዕቆብም ለእንዲህ ያለ ሰው የሚጠቅመውን፥ የሚነዳና የሚራባ ከብት ሰደደለት።

ያዕቆብ የሰጠው ፈርቶ ነው የሚል ቢኖር፥ አዎን፥ ፈርቶ ነበረ። ፈርቶ የሰጠ ሰው ኰርቶ ከነፈገ ሰው ይሻላል። ደግሞም የታሪኩ ፍጻሜ ከመነሻው ያልተናነሰ ትምህርት አለው። ሁለቱ ተቃቅፈው ካለቀሱ በኋላ በአንድ ሰፈር አልሰፈሩም፤ ዔሳው ወደ ሴይር ተመለሰ፥ ያዕቆብም ወደ ሱኮት ሄደ። ስጦታው አሳባቸውን አንድ አላደረገውም፥ አድርግም አልተባለም። «ሰጥቼው ነበረ፥ ግን አልተለወጠም» ብለው የሚያጉረመርሙ ሰዎች ይህን ቢያነብቡ መልካም ነው።

በኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ በበዓል ቀን ለተቃዋሚ ከተላከ ስጦታ ሁሉ የሚያሳዝነው የመቅደላው ነው። ያም ነገር የተጀመረው በስጦታ ነበረ። በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላኩ ሽጉጦች ለዐፄ ቴዎድሮስ አቀረበ። ስጦታው ለተቀባዩ የተስማማ ነበረ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የጦር መሣሪያ የሚወድዱ ንጉሥ ነበሩና። እርሳቸውም ለንግሥቲቱ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው ላኩ። ደብዳቤው በዚያው ዓመት ለንደን ደርሶ ሳለ በመሥሪያ ቤት ተቀመጠ፤ መልስም አላገኘም። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን እንደ ንቀት ቈጥረው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን አሰሩ። ያማረ ሽጉጥ መጥቶ የወረቀት ሰላምታ በመቅረቱ የጦር ሰራዊት ባሕር ተሻገረ። አምኃና ሰላምታ አንድ ዘር ናቸው ማለት የሰዋስው ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይመልከት።

በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 3 ቀን፥ በስቅለት ዓርብ፥ በእሮጌ ውጊያ ሆነ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ወገን በመቶ የሚቈጠር ሰው ወደቀ። በማግሥቱ እስረኞቹን መልቀቅ ጀመሩ። በዚያ ዓመት የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካ በአንድ ቀን ውሎ ነበረ፤ ስለዚህ ሚያዝያ 5 ቀን እሑድ በተራራው ላይም በእንግሊዝ ሰፈርም ትንሣኤ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በቍጣ የጻፉት ቃል እንዲተውላቸው ለጄኔራል ናፒየር ልከው፥ በዓል ነውና ከብት ተቀበለኝ አሉት፤ 1000 ላሞችና 500 በጎችም አዘጋጁ። ስጦታው ተቀባይ አገኘ የሚል ቃል ደረሳቸው። በአገሩ ልማድ መብል የተቀበለ ታረቀ ማለት ነውና ነገሩ ያለቀ መስሎአቸው የቀሩትንም የአውሮፓ ሰዎች አሰናበቱ። ከብቱ ግን ከእንግሊዝ ዘበኞች ሳያልፍ ቀረ። ናፒየር ስጦታውን መቀበል እርቅን መቀበል እንደ ሆነ በተረዳ ጊዜ አልቀበልም ብሎአልና፤ እርሱ የሚፈልገው ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን እንዲሰጡ ነበረ። ሚያዝያ 6 ቀን ሰኞ መቅደላ ተያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስም ከንግሥቲቱ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ ተብሎ ይነገራል።

በዚህ ታሪክ ላይ ብዙ ሰው ናፒየርን ብቻ ይወቅሳል። በእርግጥ የሚወቀስበት አለው፤ ስጦታን በአፍ እሺ ተብሎ በበር እምቢ ከማለት ከመጀመሪያው እምቢ ማለት ይሻል ነበረ። ዛሬም የወንድሙን ስጦታ በእጁ ተቀብሎ፥ እንግዳው ከደጅ ሳይርቅ ሥዕሉን በስልክ አንሥቶ ለመሰሎቹ መሣቂያ የሚያደርግ ሰው የዚያ የዘበኛው በር ልጅ ነው። ነገር ግን ሌላውም ወገን ሊታይ ይገባዋል። እነዚያ ላሞች ላም ብቻ አልነበሩም፥ ውል ነበሩ፤ የተቀበለ ጦርነቱን እንዲያቆም ግድ የሚሉ ነበሩ። ይህ በንጉሠ ነገሥት ላይ ለመፍረድ የተባለ አይደለም፤ ሰዓቱ እጅግ የጨነቀ ነበረና። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ጭንቀት የሌለበት ሰው ለአማቹ አንድ ሙክት ሰጥቶ፥ «ከእንግዲህ ወዲህ ስለዚያ ሰው ክፉ አይናገርም» ብሎ ቢጠብቅ፥ ሙክቱን ያመጣው ለመታረድ ሳይሆን ለመያዣ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ መካሪዎች መመለስ ይገባል። እነዚህ ጭካኔያቸው ቢገለጥም ከልባቸው የሚናገሩ አሉባቸው። «የዚያ ወገን ሰዎች ዘመዶቻችንን ገድለዋል፤ ለእነርሱ ለሚያጨበጭብ ሰው ድፎ ተሸክሞ መሄድ ሙታንን መክዳት ነው» ይላሉ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች አንዱ ለኢሕአፓ አንዱ ለመኢሶን ቆመው እናት በሁለት ወገን ያለቀሰችበት ዘመን ነበረ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነበረው ጦርነትም በብዙ ቤት የማይሞላ ስፍራ ትቶአል። ይህን ኀዘን በአንድ ምሳሌ ሊሽር የሚፈልግ ጸሐፊ ቢኖር አፉን ቢይዝ ይሻለዋል።

እንግዲህ መለየት የሚገባ ነገር አለ። ደም ካለ መንገዱ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ደም የሚደርቀው በሽማግሌ ነው፤ የበደለ በደሉን ይናገራል፥ ካሣ ይከፈላል፥ ይቅርታ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ሳይሆን በበዓል ቀን ሙክት ይዞ የሚመጣ ገዳይ ቢኖር ሙክቱን መመለስ ነውር የለበትም፤ የበዓል ስጦታ የፍርድን ስፍራ ሊይዝ አይችልምና። ነገር ግን አሳብ የያዘ ሁሉ ደም ያፈሰሰ አይደለም። በቡና ላይ ተቀምጦ የማይረባ ነገር የተናገረ አማች፥ ልቡ ባዘነ ጊዜ በስልክ ክፉ ቃል የጻፈ ወንድም፥ ገዳይ ተብሎ ሊቈጠር አይገባውም። ከመናገር በቀር ምንም ያላደረገውን ሰው ከገዳዩ ጋራ አንድ የሚያደርግ ሰው የገዳዩን ኀጢአት አቀለለለት፤ ለብዙዎች አካፍሎለታልና።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ጦርነት ጊዜ በትግራይ ስልክና ባንክ ተቋርጦ ስለ ነበረ በሌላ ስፍራ የሚኖሩ ልጆች ለእናቶቻቸው የፋሲካ ገንዘብ መላክ ይቅርና እናቶቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ማወቅ ያቃታቸው ብዙ ነበሩ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የመቀሌ የአውሮፕላን መንገድ በተከፈተ ጊዜ ለገና የቀረው ዐሥር ቀን ብቻ ነበረ። መንገድ ተዘግቶበት ለዘመዱ አንዲት ኪሎ ቡና መላክ ያልቻለ ሰው የነበረበትን ጊዜ የሚያስብ ሰው፥ መንገዱ ተከፍቶ፥ ታክሲው ቆሞ፥ ወንድሙ በማዶው ሰፈር እያለ፥ በገዛ ፈቃዱ የሚቀር ሰው ሲያይ ይደንቀዋል። በመንግሥታት ጠብ የተዘጋውን በር ሰው እንዴት በገዛ ቤቱ ላይ ተክሎ ይቈልፈዋል?

ከሁለቱ መካሪዎች ሸሽተው በፖስታ ገንዘብ አድርገው የሚሰጡም አሉ። ከሩቅ አገር ለሚልክ ሰው ይህ የተገባ ነው፤ የዘይቱንና የሽንኵርቱን ዋጋ እናት ከልጅዋ ይልቅ ታውቃለችና። በአንድ ከተማ እየኖረ ግን ለወንድሙ የሚሰጠው አጥቶ ፖስታ የሚያሽግ ሰው ጠብ ባይሠራም፥ ሰላምታም አልሰጠም። እንዲሁም ወንድሙን ደስ ለማሰኘት ብሎ የማያምንበትን የወንድሙን ወገን ሥዕል ገዝቶ የሚሄድ አለ፤ ወንድሙም ይሣለቅብኛል ብሎ ይቀየማል፥ መቀየሙም አይፈረድበትም።

እንግዲያስ በአሳብ ለተለየ ሰው ስጦታ መምረጥ ለባልንጀራ ከመምረጥ ይልቅ ዕውቀት ይጠይቃል። የዚህ ዘመን ሰው ደግሞ የጎደለው ይህ ዕውቀት ነው። የወንድሙን አሳብ በቃሉ ይዞታል፤ በየትኛው ወር ምን እንደ ተናገረ፥ ማንን እንዳመሰገነ፥ በማን ሞት ዝም እንዳለ ቀኑን ቈጥሮ ይናገራል። ወንድሙ ዐይኑ ደክሞ መጽሐፍ ወደ ብርሃን እያስጠጋ እንደሚያነብብ ግን አላየም። የአማቹን ስሕተት ሦስት ዓመት ሙሉ አጥንቶ፥ አማቹ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በቤቱ ጠላ ተጠምቆ እንደማያውቅ አልሰማም። ለመጀመሪያው መነጽር፥ ለሁለተኛው አንድ ጋን ጠላ ይዞ መሄድ የሊቅ ምርምር አይጠይቅም፤ ቀርቦ ማየት ግን ይጠይቃል። የመጀመሪያው በዓል ሙት ያለበት ቤት ለሆነው፥ እንጀራና ወጥ ይዞ ሄዶ እስከ ማታ አብሮ መቀመጥ ከሁሉ ይበልጣል። የታመመ ልጅ ላለው መድኀኒቱ፥ ከብርድ ለሚወጣ ዘበኛ ጋቢ፥ መጻሕፍት ለሚወድድ ሰውም ራሱ ሲፈልገው የኖረ መጽሐፍ፥ ያውም ሳይሠመርበት፥ መልካም ነው። ሰጪው እነዚህን ለማወቅ አስቀድሞ በዚያ ቤት አንድ ቀን መዋል አለበት፤ ብዙ ሰውም ከስጦታው ወጪ ይልቅ የሚፈራው ይህን ቀን ነው።

ያች ባልቴት ደግሞ በሚቀጥለው ገና የሆነላት እንዲህ ነው። ልጆችዋ የነጠላውን ነገር ሲከራከሩ፥ ጉልበትዋ ከመስቀል ወዲህ እንደ ደከመና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ስትወጣ ሁለት ጊዜ እንደምታርፍ አንዳቸውም አላስተዋሉም ነበረ። ከጎረቤት ያለች አንዲት ልጅ ግን በየእሑዱ ከኋላዋ ስትወጣ ታይ ነበረና፥ በገና ዋዜማ ከወይራ የተሠራ ምርኩዝ በልክዋ አስቈርጣ አመጣችላት። ባልቴቲቱ በዚያ ሌሊት ምርኩዙን ይዛ፥ አሮጌ ነጠላዋን ለብሳ፥ ሳታርፍ ወጣች።

በማግሥቱ ሁለቱ ልጆች ሳይቃጠሩ በአንድ ሰዓት መጥተው በእናታቸው ቤት ተገናኙ። ምርኩዙ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበረ። ታላቁ፥ «እማዬ፥ ይህን ማን ሰጠሽ?» አላት። የጎረቤቱን ቤት ስም ነገረችው። ሁለቱ ወንድሞች በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ፤ ያ ቤት ከሁለቱም አሳብ የተለየ፥ ሁለቱም በየፊናቸው የሚነቅፉት ቤት ነበረና። ታናሹ፥ «የእነዚያ ልጅ? እርስዋ ምን ፈልጋ ነው?» አለ።

ባልቴቲቱ ሰነዓ ሲኒውን በረከቦቱ ላይ እየደረደረች፥ «ለቡና ጠርቻታለሁ፤ አሁን ትመጣለች፤ ራሳችሁ ጠይቋት» አለች።